አርባው በመቶ ከየት መጣ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ቡና ይዛችሁ የምትሰሙኝም፣ ታክሲ ውስጥ ያላችሁም በልባችሁ መልሱልኝ። ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት ስንት በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር?

አርባ በመቶ አላችሁ አይደል? ኋላስ ስንት ቀረ? ሦስት በመቶ፤ እንዲያውም ከሦስት በታች። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሳይሸመድድ ትምህርት ቤት የጨረሰ ሰው ብዙም አላውቅም። እኔ ራሴ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ለዓመታት አስተምሬያቸዋለሁ። ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጽፌ፣ ከሥራቸው አስምሬ፣ ፈተና ላይ አውጥቼ፣ ያልመለሰውን ልጅ ነጥብ ነፍጌዋለሁ።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ፦ ማን ለካው? ከመቶ ዓመት በፊት ሳተላይት የለ፣ አገሩን ከላይ ያነሳ አውሮፕላን የለ፣ የደን ቆጠራ የሚያካሂድ መሥሪያ ቤት የለ። ታዲያ አርባውን በመቶ ማን በምን ለክቶ ነው ለእኛ ያስረከበን?

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማሁት ለሁለተኛ ዲግሪ በገባሁበት ክረምት ነው። ክፍሉ በአብዛኛው እንደኔ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሻንጣውን ይዞ በሚመጣ መምህር የተሞላ ነበር። ጥቂት የግብርና ባለሙያዎች፣ አንድ ሁለት ደግሞ ከመሬት አስተዳደር የመጡ ነበሩ። አስተማሪያችን «አርባ በመቶ» ብሎ የመለሰውን ሁሉ እጁን እንዲያነሳ አደረገና፣ «ምንጩን የሚያውቅ እጁን አያውርድ» አለ። ሁሉም እጅ ወረደ። የዛሬው ዝግጅታችን እጅ ሁሉ ስለወረደባት ስለዚያች ቅጽበት ነው ብል አልተሳሳትኩም፤ ርዕሳችን በጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ መማር ምን ማለት ነው የሚል ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ወደ አርባው በመቶ ልመለስ። ጄምስ ማካን የሚባል አሜሪካዊ የታሪክ ተመራማሪ በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ የዚህን ቁጥር ዘር ማንዘር ተከትሎ ሄዶ ነበር። ያገኘው አንዱ ሪፖርት ከሌላው፣ ሌላውም ከሌላው ሲቀዳ ነው እንጂ ከሁሉም ሥር የቆመ ልኬት አይደለም። በማግሥቱ ዓመት ዶናልድ ክራሚ የተባለ ሌላ የታሪክ ሰው ወሎ ውስጥ በ1937 የተነሱ ፎቶግራፎችን ይዞ እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ካነሳቸው አዳዲሶች ጋር አነጻጸረ። ዛፍ የበዛው በድሮዎቹ ሳይሆን በአዲሶቹ ላይ ነበር። ከዚያም የጌንት ዩኒቨርሲቲው ጂኦግራፈር ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ወደ ኋላ ራቅ ብለው ሄዱ። በ1868 አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። እነዚያ ፎቶዎች የተነሱባቸውን ኮረብታዎች እየፈለጉ፣ ካሜራቸውን እዚያው ተክለው፣ ከ140 ዓመት በኋላ ደግመው አነሷቸው። የ1868ቱ አገር እኛ በልባችን የሳልነው ጫካ አይደለም። ብዙው ቦታ ያን ጊዜም ራቁቱን ነበር፤ አንዳንዱ ተዳፋት ዛሬ የተሻለ ልብስ ለብሷል።

ቆይ፣ ቆይ፤ ስልክ አትደውሉ። ደን አልጠፋም እያልኩ አይደለም። በደቡብ ምዕራቡም በባሌም ጥቅጥቅ ያለ ደን በዓይናችን ፊት አንሷል። በሰሜኑ ፎቶ ላይ ከጨመረው ዛፍም ብዙው ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ስለሆነ የ1868ቱ ፎቶ ላይ ሊኖር አይችልም። የኔ ነገር ሌላ ነው። «ከአርባ ወደ ሦስት» የምትለው ታሪክ አንድ መስመር ናት፤ አገሩ ግን አንድ መስመር አይደለም። አንዱ ሸንተረር ሲራቆት ሌላው ይለብሳል፤ አንዱ በእርሻ ይበላል፣ አንዱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይቀመጣል።

«ሦስት በመቶ»ዋስ? እሷም የራሷ ጉድ አለባት። ኢትዮጵያ በ2015 ደን ለሚለው ቃል አዲስ ትርጉም ሰጠች፦ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ ቢያንስ ሁለት ሜትር ቁመት፣ ቢያንስ ሃያ በመቶ የቅርንጫፍ ጥላ። በዚህ ሚዛን ሲለካ የአገሪቱ ደን 15 ተኩል በመቶ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ሌሊት የበቀለ ዛፍ አልነበረም። በቆላው ያለው የዛፍ መሬትና ቀርከሃው ስማቸው ተቀይሮ ነው። እንግዲህ «ደናችን ስንት በመቶ ነው?» ለሚል ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ቁጥር ሳይሆን «ደን የምትለው የትኛውን ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ መልሱን ያስይዘናል። ሁለተኛው ዲግሪ መልሱን ነጥቆን ጥያቄ ያስታቅፈናል፤ ደስ የማይል ልውውጥ ነው፤ ግን የትምህርቱ ዋጋ እዚያ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ትምህርቱ እንዴት ይሄዳል? በጥቂቱ ልንገራችሁ። ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ አሁን ደግሞ አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። መደበኛው ሁለት ዓመት ነው፤ አንዱ ዓመት ለኮርስ፣ አንዱ ለጥናት። በክረምት የሚማር መምህር ግን ብዙ ክረምቶችን ይከፍላል። ኮርሶቹ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያሉ፤ የጥናት ዘዴ፣ ስታቲስቲክስ፣ ጂአይኤስና ሪሞት ሴንሲንግ፣ የአየር ንብረት፣ የመሬት አጠቃቀም፣ የሕዝብና የከተማ ጉዳይ ብዙ ጊዜ አይቀሩም። የኮርሱን ዓመት ሁሉም ይወጣዋል። ሰው የሚቀረው ቴሲሱ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ነው።

በአገራችን የዚህን ትምህርት ታሪክ የሚያነሳ ሰው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምን ሳያነሳ አያልፍም። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በሰብአዊ መብት ጉባኤውና በፖለቲካ ጽሑፋቸው ነው፤ መነሻቸው ግን ካርታ ነበር። በ1970 የኢትዮጵያን አትላስ፣ በ1972 መግቢያ የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ መጽሐፋቸውን አወጡ። ለኔ ትልቁ ሥራቸው ግን በ1984 የታተመው፣ ከ1958 እስከ 1977 ድረስ ገጠሩ ለረሃብ እንዴት እንደተጋለጠ የመረመሩበት መጽሐፍ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም «ዝናብ ቀረ፣ ሰው ተራበ» ይል ነበር። እሳቸው ረሃቡን በየአውራጃው ዘርዝረው አዩት። ዝናብ መቅረት ብቻውን ሰው አይገድልም፤ ገበሬው ከእጅ ወደ አፍ በሆነ አኗኗር ላይ ቆሞ፣ ያመረተውን ገባርነትና ገበያ ሲወስዱበት ነው ድርቅ ረሃብ የሚሆነው አሉ። ልብ በሉ፤ ይህ መደምደሚያ ከጩኸት አልመጣም፤ የት፣ መቼ፣ ማን ብሎ ከመጠየቅ ነው። እነዚያ ሦስት ቃላት የጂኦግራፊ ሀሁ ናቸው።

ወደ ቴሲሱ። የማስተርስ ተማሪ የመጀመሪያ ርዕስ ምን እንደሚመስል በደንብ አውቃለሁ፤ የራሴን ልጥቀስ። «የደን ጭፍጨፋ መንስኤዎች፣ ውጤቶችና መፍትሔዎች፦ በሰሜን ሸዋ ዞን የአንድ ወረዳ ሁኔታ።» ድምፁ ያምራል። በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ወንድሞቹ ተደርድረዋል፤ የወረዳው ስም ብቻ ይለያያል። አማካሪዬ አነበበውና ወረቀቱን ሳይመልስልኝ ጠየቀኝ፦

«መንስኤው ምንድን ነው?»

«የሕዝብ ብዛት፣ የማገዶ ፍላጎት፣ የእርሻ መስፋፋት።»

«ውጤቱስ?»

«የአፈር መሸርሸር፣ የዝናብ መዛባት።»

«መፍትሔው?»

«ግንዛቤ መፍጠር፣ ችግኝ መትከል።»

«ታዲያ ሁሉንም ካወቅኸው ምን ልታጠና ነው የምትሄደው?» አለኝ።

አፍሬ ወጣሁ። መልሱ የገባኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጥሩ ርዕስ መልሱን አስቀድመህ የማታውቀው፣ ነገር ግን እግርህ ከደረሰ ልታውቀው የምትችለው ነው። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ባለ ጥያቄ ነው፦ በአንድ ደጋ ቀበሌ ሰዉ በማሳው ዳር ባሕር ዛፍ መትከል ከጀመረ ወዲህ ማገዶ የሚመጣበት ርቀት አጥሯል ወይስ አላጠረም? ትንሽ ናት። ዓለምን አታድንም። ግን አዎም አይደለምም ልትል ትችላለች፤ ያስተኛኝ ያ ነው።

እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንዲት ጥድ የሚባል ቦታ አለ። ስሙን ሰምታችሁ አስቡት፤ አንዲት ጥድ። አንድ ጊዜ አገሩ ጥድ ብቻ ነበረና አንዷ ቀረች ማለት ነው? ወይስ መጀመሪያውንም ሜዳ ላይ አንዷ ብቻ ቆማ መንገደኛ ምልክት አደረጋት? ስም ምስክር ነው፤ ቀን የማይናገር ምስክር። ይህ ቦታ በአገራችን የአፈር ጥናት ውስጥ የታወቀ ነው። በ1981 የስዊሱ ጂኦግራፈር ሃንስ ሁርኒ የመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ተጀመረ፤ ጣቢያዎቹ ከተተከሉባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ሌሎቹ ወሎ ውስጥ ማይባር፣ ጎጃም ውስጥ አንጀኒ እያሉ ይቀጥላሉ። ስንት ዝናብ ጣለ፣ ስንት አፈር በጎርፉ ሄደ እያሉ ለዓመታት መዘገቡ። ከዚያ መረጃ ተነስቶ ነው በሚታረስ ደጋ መሬት ላይ በዓመት ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር ይሄዳል የሚለው የሁርኒ ግምት የመጣው። በቁጥር ብቻ ከሰማችሁት አይገባም። በአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን አፈር 12 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ እንግዲህ 42 ቶን ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ሁለት የክብሪት እንጨት ተደራርቦ ቢያክል ነው። ገበሬው ዘንድሮ አያየውም። ልጁ ሲያርስ ግን ማረሻው ድንጋይ ይነካል።

ይህንንም ቁጥር ታዲያ እንደ አርባው በመቶ ሸምድዳችሁ እንዳትሄዱ። 42 ቶን የሚታረስ መሬት ነው፤ የግጦሹ ሌላ፣ የደኑ ሌላ ነው። ከላይ ማሳ የሄደው ሁሉ ዓባይ አይገባም፤ ብዙው ታች ያለው ማሳ ላይ ይቀመጣል። ሆኖም ተማሪው ቁጥሩን አንስቶ ከአገሩ ስፋት ጋር አባዝቶ «ኢትዮጵያ በዓመት ይህን ያህል አፈር ታጣለች» ብሎ ሲጽፍ በየጊዜው አያለሁ። ሲባዛ ጊዜ ካልኩሌተሩ አይቃወምም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን መስክ እንውጣ። ከመውጣታችን በፊት ስንት ሰው እንጠይቅ? የተማሪዎቻችን መድኃኒት በ1967 ታሮ ያማኔ ያሳተማት ቀመር ናት። በየቴሲሱ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ታገኟታላችሁ። በቀበሌው 1,200 አባወራ ካለ፣ ስሕተቱን አምስት በመቶ ካልን፣ 300 ይበቃል ትለናለች። አባወራው አሥር እጥፍ ሆኖ 12,000 ቢሆን 387 ብቻ ትላለች፤ ይህ ብዙ ሰው ይገርመዋል፣ ስሌቱ ግን ልክ ነው። ቀመሯ ያላት ችግር ሌላ ነው። ስንት ሰው እንደሆነ ትነግረናለች፤ ማንን የሚለውን አትነግረንም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በሳተላይቱ በኩል ደግሞ ዘመኑ ለተማሪ ተመችቷል። ላንድሳት የሚባለው ሳተላይት ከ1972 ጀምሮ መሬትን ሲያነሳ ኖሯል፤ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ምስሉ ለማንም በነጻ ተከፍቷል። ቀድሞ በዶላር የሚገዛው ዛሬ በቤተ መጻሕፍት ዋይፋይ ይወርዳል። ወጣቱ ተማሪ ወረዳውን ሳይረግጥ የሠላሳ ዓመት ለውጡን በሦስት ቀለም ካርታ ያወጣል። እኔ እዚህ ላይ ሽማግሌ ልሁንና ልቆጣ። የላንድሳት አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነች። የደጋው ገበሬ አንድ ጥማድ፣ ብዙ ቦታ የሄክታር ሩብ ናት ይባላል፤ ያ ማለት ሦስት ነጥብ እንኳ አትሞላም። ባሕር ዛፍና ሀገር በቀል ዛፍ ከላይ ሲታዩ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ ኮምፒዩተሩ «ደን» ብሎ ያልፋቸዋል። አንዱ ምስል በጥቅምት፣ ሌላው በየካቲት ተነስቶ ከሆነ ደግሞ የተለወጠው አገሩ ሳይሆን ወሩ ነው። አጨዳ ያለፈበት ማሳ «የተራቆተ መሬት» ተብሎ በቀይ ሲቀባ አይቻለሁ፤ ገበሬው ከዚያ ማሳ ጎተራውን ሞልቶ እቤቱ ተቀምጦ ነበር።

የራሴን ሳልናገር የሰው ብቻ ባወራ አያምርም። የመጀመሪያዬን ካርታ ስሠራ የካርታ ድርጅቱን የ1 ለ50,000 ወረቀት ስካን አድርጌ፣ ከእኔ ጂፒኤስ ነጥቦች ጋር አነባበርኩት። ወንዙ ገደሉ ላይ ወጥቶ ጉብታ ለጉብታ ሲሄድ አየሁ። ሁለት ቀን አማካሪዬን፣ ጂፒኤሱን፣ መብራት ኃይልን ስወቅስ ቆየሁ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ የድሮው ካርታ መነሻ አዲንዳን የሚባለው ልኬት ነው፤ ጂፒኤሱ ደግሞ የዓለሙን ይጠቀማል። በሁለቱ መካከል ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። ግን ወንዝ ተራራ እስኪወጣብኝ ድረስ አልገባኝም ነበር።

ቀበሌው ውስጥ ስትገቡ ከሁሉ በፊት የትብብር ደብዳቤ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ፤ በየደረጃው ማኅተም። ማኅተሙ በርን ይከፍታል፤ አፍን ግን ይዘጋል። ደብዳቤውን ይዛችሁ ከሊቀመንበሩ ጋር የሄዳችሁበት ቤት የምትሰሙት መልስ ለመንግሥት የሚሰጥ መልስ ነው። አንድ አባባ ገና ወረቀቴን ሳወጣ፣ «ልጄ፣ ለሴፍቲኔት ነው ለግብር?» አሉኝ። ለሴፍቲኔት ከሆነ ከብቶቹ ሁለት ናቸው፤ ለግብር ከሆነ መሬቱ አንድ ጥማድ ናት። ሰውየው አልዋሹም፤ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ሃምሳ ዓመት ያስተማራቸውን ነው የመለሱልኝ። ለሁለቱም አይደለም፣ ለትምህርቴ ነው ስላቸው ደግሞ አዘኑልኝ፤ «በዚህ ዕድሜህ?» አሉ።

ዝናብን በሚመለከት ደግሞ የምታገኙት ነገር ያስደንቃችኋል። ሽማግሌውን ሁሉ ብትጠይቁ «ዝናብ ቀንሷል» ይላል። ወደ ሜትሮሎጂ መረጃው ስትመለሱ ግን የዓመቱ ድምር ላይ ቅናሹን ላታዩት ትችላላችሁ። ኤሊዛቤት ሜዘ ሃውስከን የተባለች ተመራማሪ በ2004 በሰሜን ኢትዮጵያ ላይ ይህንኑ ጽፋለች፤ ሰዉ ያየውና መሣሪያው የለካው አልተገናኙም። ሰነፍ ተማሪ እዚህ ላይ «የገበሬው ግንዛቤ የተሳሳተ ነው» ብሎ ይዘጋል። ጎበዙ ገበሬው ስለምን ዝናብ እንዳወራ ይጠይቃል። ለገበሬው ዝናብ ማለት የዓመት ድምር አይደለም። ሰኔ ላይ በሰዓቱ መግባቱ፣ ሐምሌ ላይ አሥራ አምስት ቀን አለማቋረጡ፣ መስከረም ላይ እሸቱን ሳይጨርስ አለመውጣቱ ነው። 900 ሚሊ ሜትር በሦስት ዶፍ ከመጣ ለመሣሪያው ጥሩ ዓመት፣ ለገበሬው ረሃብ ነው። በዚያ ላይ መለኪያው የቆመው ወረዳ ከተማው ውስጥ፣ ማሳው ደግሞ ሸለቆው ማዶ ነው።

የቋንቋውም ነገር አለ። በእናት ቋንቋህ ትጠይቃለህ፤ በእንግሊዝኛ ትጽፋለህ። ገበሬው ዋልካ፣ መረሬ፣ አረዳ ይልሃል። አረዳ ማለት ከቤት አጠገብ ያለ፣ አመድና ፍግ ሲደፋበት የኖረ መሬት ነው፤ በቃሉ ውስጥ የሚስት መጥረጊያ፣ የከብት በረት፣ የአያት ጎጆ አለበት። ቴሲሱ ላይ ግን «ለም ጥቁር አፈር» ሆኖ ይወርዳል። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ቃሉን እንደነበረ በፊደሉ እንዲያስቀምጡ፣ ፍቺውን ከጎኑ እንዲጽፉ ነው። ፈታኙ ቢቆጣ ይቆጣ።

ስለ አማካሪ ሁለት ነገር ብቻ። አማካሪያችሁ ሥራ ይበዛበታል፤ ምዕራፍ ልካችሁ ሁለት ወር ብትጠብቁ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። ስለዚህ «ሥራዬን ይዩልኝ» ብላችሁ አትላኩ፤ «ገጽ 14 ላይ ሁለት መንገድ አለኝ፣ የቱ ይሻላል?» ብላችሁ ላኩ። አጭር ጥያቄ አጭር መልስ ያገኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በርና በየስልክ እንጨቱ ላይ «የቴሲስ የማማከር አገልግሎት እንሰጣለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። ማማከር ማለት ምን እንደሆነ የለጠፈውም የሚደውለውም ያውቃል። ስለ ሥነ ምግባር አልሰብክም። ዲግሪው የሚገዛ ነው እንበል፤ ግን መምህሩ መስከረም ላይ ተመልሶ ያው ክፍል ይገባል፤ ያው ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ማን ለካው?» ይለዋል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያን ጊዜ ዝግ ነው።

ሥራውስ ይላል አንዳንዱ። እውነቱን ልንገራችሁ። ለመምህር የደረጃ እድገት አለው፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርነትን በር ያንኳኳል። በመሬት አስተዳደር፣ በተፈጥሮ ሀብት ቢሮዎች፣ በእርዳታ ድርጅቶች ጂአይኤስ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል፤ ሆኖም በዚያ በኩል ዲግሪውን ብቻ የያዘ ሳይሆን ካርታውን ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነው የሚቀጠረው። ሀብታም የሆነ የጂኦግራፊ ሰው ካያችሁ ግን መሬት የገዛ እንጂ መሬት ያጠና አይሆንም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር። ያቺ ቀመር 300 አባወራ ሰጠችኝ፤ እኔም 300 ጠየቅሁ፤ ማገዶ ለማምጣት ደርሶ መልስ በአማካይ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ባሕር ዛፉ ርቀቱን አሳጥሮታል ብዬ ጻፍኩ። ግራፉ ያምር ነበር። ዲፌንስ ቀን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣችው ፈታኝ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «ይህን አንድ ሰዓት የነገሩህ እነማን ናቸው?» አለችኝ።

«የቤተሰብ ኃላፊዎች» አልኩ።

«ማገዶ የሚለቅሙትስ?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከ300ው ውስጥ ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነሱም ባል የሞተባቸው ወይም የፈቱ። አስተካክለህ ተመለስ ተባልኩ፤ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ደብዳቤም ሊቀመንበርም አልያዝኩም። ማለዳ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ከዚያ መጀመሪያ ከጠየቅሁት ቤት የምትወጣ አንዲት እናት አገኘሁ፤ ወገባቸውን በመቀነት ጠምጥመው ገመዳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። እየተከተልኩ፣ «እማማ፣ ባለቤትዎ ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ነው ብለውኝ ነበር» አልኳቸው።

ቆሙና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ሳቁ።

«እሱማ በባዶ እጁ የሚሄድበትን ነው የነገረህ» አሉኝ። «አንድ ቀን ተሸክሞ ሲመለስ ጠይቀው።»

(የመዝጊያ ሙዚቃ)